ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው

በፈረስ ቤት ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር በኖረች እናት ፊት ቆሞ ስለ እሳት መናገር ድፍረት ነው። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ድንበሬን ላስምር። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደውን እሳት ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ላስተምር አልመጣሁም። የማወራው በቅርብ ዓመታት በየቤቱ ስለገባው ሌላ እሳት ነው፤ ዙሪያው በግድግዳ ተከልሎ አንድ አፍ ብቻ ስለተተወለት። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የሚያሳዝነው፣ ምድጃው ለየቤቱ ሲታደል ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ሰው አብሮ አለመታደሉ ነው።

የጉልቻ እሳት አየር ከየአቅጣጫው ያገኛል። ሲበዛ እንጨቱን ሳብ፣ ሲያንስ ገፋ፣ ሲታፈን እፍ ማለት ነው፤ ሁሉም በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይደረሳል። ለዚህ ምቾቱ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው። ከመቶ እጅ ማገዶ ምጣዱ የሚደርሰው አሥር እጅ ቢሆን ነው። የተረፈው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል፤ ከፊሉም ጭስ ሆኖ ይሄዳል። አንድ የገጠር ቤት ከሚፈጀው ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። ጎጃምን ከከፍታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ጥቅጥቅ ያለ አገር በቀል ደን የሚያገኘው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው አረንጓዴ ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ዛሬ ብዙ የሚወቀስ፣ ግን እሱ ባይኖር ምን እናነድ ነበር የሚያሰኝ ዛፍ። ጎረቤታችን አዊ ውስጥ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ማገዶ ገንዘብ ሆኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ የምናባክነውም ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ጧፍ አብሩና እፍ ብላችሁ አጥፉት። ወዲያው ከክሩ ጫፍ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ሌላ የበራ ጧፍ ወደዚያ ጭስ ብታስጠጉ፣ እሳቱ ክሩን ሳይነካ በጭሱ ላይ ወርዶ የጠፋውን ጧፍ መልሶ ያበራዋል። ነፋስ በሌለበት፣ ሳይዘገዩ መሞከር ነው። ጭሱ ራሱ ነዳጅ ነበር።

እንጨትም እንደዚሁ ነው። ሲሞቅ መጀመሪያ ውኃው ይተናል፤ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ እንጨቱ ከፈላ ውኃ ብዙም በልጦ አይግልም። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ አካሉ ይፈርስና ጋዝና ተን ይለቃል። ከደረቅ እንጨት ክብደት አብዛኛው የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ፍም ሆኖ የሚቀረው ትንሹ ነው። የወጣው ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ ከሞቀ ይነዳል፤ ነበልባል የምንለው ይህ ነው። አየር ካነሰው ወይም ቀዝቃዛ ነገር ቀድሞ ከነካው ሳይነድ ያመልጣል፤ ጭስ የምንለው ያ ነው። ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ደረት የሚያፍነው፣ ግድግዳ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ የሚለጠፈው ሁሉ ከጫካ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት፣ ግን እንጀራ ያልጋገራችሁበት ማገዶ ነው።

በሰሜን አሜሪካ የቤት ማሞቂያ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ይህን 600 ዲግሪ ዝቅ የሚያደርግ ብልሃት በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አመጡ። ብልሃቱን የወሰዱት ከመኪና ነው። በመኪና የጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገባው ካታሊስት የተባለው ዕቃ በምድጃው ውስጥም ገባ፤ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ የሸክላ ጡብ ሲሆን ላዩ ፕላቲነምና ፓላዲየም በተባሉ ውድ ማዕድኖች በስሱ ተቀብቷል። ጭሱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲያልፍ 260 ዲግሪ ገደማ ላይ መንደድ ይጀምራል። እሳቱ ቀዝቀዝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ጭስም ጥቂት ነው።

ምድጃው ግን ባለቤቱን ያስተምራል፤ ያልተማረውን ደግሞ ይቀጣል። አዲስ ሲተከል የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ መሆን አለባቸው፤ ቀለሙ እስኪጠነክር ይሸታል፣ ብረቱም ቀስ በቀስ ይላመዳል። እሳቱ የሚለኮሰው ጭሱ ጡቡን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ላይ የሚያልፍበት መዝጊያ ክፍት ሆኖ ነው። የሙቀት መለኪያው 260 ዲግሪን ማለፉ ሲታይ መዝጊያው ይዘጋና ጭሱ በጡቡ በኩል ይሄዳል። የቸኮለ ሰው ቀዝቃዛውን ጡብ በጥቀርሻ ይደፍነዋል። እንጨት ሊጨምር በሩን ሲከፍት መዝጊያውን መክፈት የረሳ ሰው ጭሱን በፊቱ ይቀበላል። ፕላስቲክ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ወይም ባለቀለም ወረቀት ያነደደ ሰው ጡቡን ይመርዘዋል፤ የተመረዘ ጡብ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ሥራ የለውም። እዚያ አገር ይህን ሁሉ የሚዘረዝር መመሪያ ከምድጃው ጋር ታትሞ ይመጣል፤ መመሪያውን ሳያነብ እሳት የሚለኩስ ሰው ግን እዚያም ሞልቷል። ቸልተኝነት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ካታሊቲክ ምድጃ በፈረስ ቤት ገበያ አይሸጥም፤ ይምጣልን ብዬም አልጠይቅም። ያነሣሁት ሰው በብዙ ገንዘብ የገዛው ምድጃ እንኳ ያለ ትምህርት ጭስ ማምረቻ እንደሚሆን ለማሳየት ነው። የኛን ምድጃ የሚያዝዘው ሕግም ከዚያ የተለየ አይደለም። እንጨቱ ይድረቅ፣ አየር ይግባ፣ የነበልባሉ ቦታ ይጋል።

የኛ ምድጃ ስል ምርጥ ምድጃን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች ለእንጀራ ታስቦ ተሠራ፤ ላቀች የምትባለው የከሰል ምድጃም የዚያው ዘመን ሥራ ናት። ኋላ በጀርመን የልማት ትብብር ድርጅት እገዛ በየወረዳው አምራቾች ሠለጠኑ። ሲሚንቶ ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ በቅርጽ ይፈሰሳል፤ አራት ቅስት ክፍሎች ገጥመው ምጣዱን ይከብባሉ፣ ሌሎች ሁለት ከኋላ ሆነው ጭሱን ያሳልፋሉ፣ ድስትም ያስቀምጣሉ። በአግባቡ ሲያዝ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የመጋገሪያ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። "በአግባቡ ሲያዝ" የምትለዋን አደራ ያዙልኝ፤ በየስብሰባው ስለ ምድጃው ሲነገር ተቆርጣ የምትቀረው እሷ ናት።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ጎመን ዘር ተደርጎበት፣ እሳት ተደርጎበት፣ ታሽቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። ምድጃውስ? ብዙ ጊዜ በተረከቡት ቀን ማታ ይነዳል፣ በሳምንቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አምራቹ ይሰደባል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውኃ ነው፤ ከተፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ውኃ እየጠጣ በጥላ መቆየት አለበት፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ደግሞ ወር ሲጠጋ ነው። በውስጡ እርጥበት እያለ ኃይለኛ እሳት ካገኘው፣ ውኃው ተን ሆኖ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይፈነቅለዋል። ስለዚህ ስትረከቡ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። የመጀመሪያው እሳት የጭራሮ እሳት ይሁን፣ ምጣድ ሳይጣድበት። ምድጃው ሲያልበው ታያላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ማላብ አለበት። በማግስቱ ትንሽ ጨመር አድርጉ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ። ላቡ ሲያቆም ምጣዱን ጣዱ።

አቀማመጡም የራሱ ወግ አለው። መሬቱ ጠንካራና ልክ ይሁን፤ ያዘመመ ምድጃ ላይ ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይፈስሳል፣ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከእንጨትና ከጭቃ ግድግዳ ራቅ ይበል፤ ጭቃው ያልያዘው ጭድና ማገር ዓመት ሙሉ ሲደርቅ ከርሞ አንድ ቀን ይያያዛል። የክፍሎቹ መገጣጠሚያና ምጣዱ ከምድጃው ጠርዝ ጋር የሚተወው ክፍተት በጭቃ ይመረግ። አንዳንዶች ይህን የውበት ሥራ አድርገው ይተዉታል። በዚያ ክፍተት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ግን ነበልባሉን ከምጣዱ በታች ያበርደዋል፤ የበረደው ነበልባል ጭስ ይሆናል፤ ጭሱም በዚያው ክፍተት ወደ ዓይናችሁ ይመጣል። ምርጊቱ ሲረግፍ እንደገና መምረግ ነው፤ እንደ ቤት ልቅለቃ የሚደጋገም ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የምቆምበት ነጥብ የምድጃው አፍ ነው። ያ አፍ ማገዶም አየርም የሚገባበት አንድ በር ነው። እንጨቱ ከታች ተዘርግቶ ከላዩ አየር የሚያልፍበት ቦታ መቅረት አለበት። በጉልቻ የለመደ እጅ ግን እሳቱ ሲቀንስ እንጨት ይጨምራል፤ በተዘጋ ምድጃ ላይ ይህ ተቃራኒውን ያመጣል። አፉ በእንጨት ሲታጨቅ አየር ይቆማል፣ ነበልባሉ ይሞታል፣ ውስጥ ያለው እንጨት ግን መጋሉን አያቆምም፤ ጋዙን ይለቃል፣ ጋዙም ሳይነድ በአፉ ተመልሶ ይወጣል። ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ያ የታመቀ ጋዝ በአንድ ጊዜ ሊቀጣጠልና ፊቷን ሊለበልባት ይችላል። ስለዚህ ምድጃው ሲጨስ የመጀመሪያው መልስ እንጨት መቀነስ፣ ሁለተኛው በአፉ ሥር የተከመረውን አመድ መጥረግ ነው። መጨመር የመጨረሻው ይሁን።

እንጨቱ ከእጅ አንጓ የማይወፍር ሆኖ ይፈለጥ። ግንዱን ሳይፈልጡ ግማሹን ወደ ውስጥ፣ ግማሹን ወደ ደጅ አድርጎ መተው አደጋ ነው፤ እሳቱ ግንዱን ተከትሎ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ፍሙ ወለል ላይ ይረግፋል፣ አጠገቡ የሚድኸውን ሕፃን ያገኘዋል። የተከለለ ምድጃ ከጉልቻ የሚሻልበት አንዱ ትልቅ ነገር እሳቱን ከሕፃንና የሚጥል በሽታ ካለበት ሰው መሸሸጉ ነው። ግንድ ወደ ደጅ ከወጣ ያ ጥቅም ቀረ።

የምድጃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ለሁለትና ለሦስት እንጀራ ብላችሁ ብታነዱት ከጉልቻ የባሰ ማገዶ በላብን ማለታችሁ አይቀርም፤ እውነታችሁንም ነው። ጥቅሙ የሚታየው ሊጡ ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲጋገር ነው፤ ጎረቤታሞች ቀን ተማክረው አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ብትተካ ደግሞ የሞቀው ግድግዳ ለሁለተኛዋ በነጻ ይሠራላታል። አንዴ ከሞቀ በኋላ እንጨቱ መቀነስ አለበት። የእንጀራው ሥር ማረር ከጀመረ ምድጃው በቃኝ እያለ ነው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ እሳቱን ለማጥፋት ውኃ አትርጩበት፤ የጋለ ሲሚንቶም የጋለ ምጣድም ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። የቀረውን እንጨት ስባችሁ አውጡና ከደጅ አመድ ውስጥ አጥፉት።

ስለ እንጨት ድርቀት የምናገረውን ከሌላው ሁሉ አስበልጣችሁ ስሙኝ፤ ምድጃ ለሌለው ሰውም ይጠቅማል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውኃ ነው። እሱን የሚያነድ ሰው መጀመሪያ ውኃ እያፈላ ነው፤ ከተረፈው ሙቀት ነው እንጀራ የሚጋግረው። በካታሊቲክ ምድጃ የሚጠቀሙ ሰዎች ውኃው ከ20 በመቶ በታች ያልወረደ እንጨት አታንድዱ ይባላሉ፤ ይህ ቁጥር ለኛም ይሠራል። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ዱብ ይላል። ጫፉን እዩ፤ የደረቀው ከመሐሉ ወደ ዳር ተሰነጣጥቋል። ሲነድ በጫፉ አረፋ የሚደፍቅና ሲስ የሚል ከሆነ ገና ነው።

ለወረዳችን ለደጋ ዳሞት ክረምት የሚሆን እንጨት በሰኔ አይፈለግም። መስከረም ሲጠባ ተቆርጦ፣ ሳይውል ሳያድር ተፈልጦ፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ ሊያገኘው ይገባል። ያልተፈለጠ ግንድ በልጣጩ ታሽጎ ዓመት ቢቀመጥም ውስጡ አይደርቅም። ክምሩ መሬት አይንካ፤ ሥሩ ሁለት አጣና ይኑር። ላዩ ይሸፈን፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ጎኑንም በላስቲክ የሚጠቀልል ሰው አየሁ፤ ያ ሰው እንጨቱን እየቀቀለው ነው። በክረምት እርጥቡን በሞቀ ምጣድ ላይ ወይም በምድጃው ጀርባ ደርድሮ ማድረቅም የተለመደ ነው። ሰው አጠገቡ እስካለ ድረስ መልካም፤ ትቶት መተኛት ግን ቤት ማቃጠል ነው።

ከፍታችንንም አንርሳ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ እሳቱም እኛም በአንድ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ቆላ ላይ ጥሩ የሚነድ ምድጃ እዚህ አፉ ትንሽ ሰፋ ብሎ እንጨቱ ትንሽ ሳሳ ብሎ ነው የሚሆነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ጭስ ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰው ያባርራል፤ ክፉ ቢሆንም ያስጠነቅቃል። የማያስጠነቅቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። አየር ያነሰው ፍም ሁሉ ያወጣዋል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ከሰል አፈናቸው የሚባሉት ሰዎች የሞቱት በዚህ ነው። አብዛኞቹም ብርድ ሸሽተው፣ የሚጨሰው አልቆ ፍሙ ደማቅ ቀይ ሆኗል ብለው፣ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው በሩን የዘጉ ናቸው። ጭስ ማቆሙ ጋዙ አለማቆሙን ይደብቃል።

ማታ እሳት ማዳፈን የአባቶቻችን ብልሃት ነው። ፍሙን በአመድ ከድነን ጠዋት እንጭረዋለን፤ ክብሪት በሌለበት ዘመን ጎረቤት ለጎረቤት እሳት የሚጫጫረው በዚህ ነበር። የተዳፈነ እሳት ግን አየር የተነፈገ ፍም ነው። ድሮ ቤቱ የሣር ክዳን፣ ግድግዳውም ቀዳዳ ስለነበር ጋዙ መውጫ ያገኝ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ለብሰን፣ ኮርኒስ ወጥረን፣ መስኮት በጨርቅ ደፍነን ያንኑ እሳት ብናዳፍን ነገሩ ሌላ ነው። ይልቁንም አራስ ቤት። አራሷንና ሕፃኑን ብርድ እንዳይመታቸው ተብሎ በር ተዘግቶ እሳት የሚነድበት ቤት ከሁሉ ይበልጥ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። በር ገርበብ ይበል፤ እነሱን በጋቢ ደርቡላቸው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ቡዳም ምችም አትበሉ። ወዲያው በሩን ከፍቶ ሰዎቹን ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት ጊዜ ያባክናል፤ ራሱን ለሳተ ሰው የሚሰጥ ወተት ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚፈልገው መድኃኒት አየር ነው፤ ጤና ጣቢያው ኦክስጅን ካለው እሱ።

ጭስ ማውጫ ቧንቧ ለምታስገቡ ሁለት ነገር ልጨምር። ቧንቧው የሣር ክዳንን ወይም የጣሪያ እንጨትን እየነካ አይለፍ፤ ነጠላ የብረት ቧንቧ ከሚቃጠል ነገር ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጫፉ ከጣሪያው ጫፍ ይብለጥ፣ የዝናብ ቆብም ይኑረው። እርጥብ እንጨት የምታነዱ ከሆነ በውስጡ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ይጋገራል፤ እሱ አንድ ቀን ሲቀጣጠል ቧንቧው እንደ ነፋስ ይጮኻል፣ ከጫፉም ብልጭታ ይረጫል። በክረምት አንዴ፣ በበጋ አንዴ ረጅም ዱላ ላይ ጨርቅና ሽቦ አስራችሁ ጥረጉት። የጠረጋችሁትንና ከምድጃው የዛቃችሁትን አመድ በማዳበሪያ ከረጢት አታስቀምጡ፤ በአመድ ውስጥ ያለ ፍም እስከ ማግስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቆይ እሳት ያዳፈነ ሁሉ ያውቃል። ቆርቆሮ ላይ፣ ከቤት ርቆ።

አሁን የሚከራከሩኝ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። ጭሱ ክዳኑን ከምስጥ ይጠብቅልናል፣ ከእሳቱ በላይ የሰቀልነውን የበቆሎ ዘር ከነቀዝ ያድንልናል ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያንን ጭስ ሰው በሌለበት ሰዓት ማጨስ፣ ወይም ለዘሩ ሌላ መያዣ መፈለግ ይቻላል፤ ሳንባ ሌላ መያዣ የለውም። ሌሎች ደግሞ ምርጥ ምድጃ እንጀራ እንጂ ሌላ አይሆንም ይላሉ። ይህም ልክ ነው። ለጠላ አሻሮ መቁላት፣ አረቄ ማውጣት፣ ገንፎ በኃይል ማማሰል፣ ለማኅበር ትልቅ ድስት መጣድ፣ ይህ ሁሉ በሌላ እሳት ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው አዲሱ ምድጃ በገባበት ቤት ጉልቻውም ሳይነሣ የሚቀረው። ሴቶቹን ወግ አጥባቂ እያለ የሚወቅስ ባለሙያ አጋጥሞኛል። ለድስት ሥራ ትክክል ወይም ጎንዜ ከሚባሉት ምድጃዎች አንዱን ሳያቀርብ ጉልቻውን አንሺ የሚላትን ሰው እኔ ብሆንም አልሰማውም።

ሌላው ዓለምም እንዲህ ያለውን ምድጃ ፈትኖታል። ኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቿ በሕንድ ኦዲሻ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያላቸው ምድጃዎች የገቡባቸውን ቤቶች ለአራት ዓመታት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ የሚተነፍሱት ጭስ ቀነሰ፤ ከዚያ ጥቅሙ ጠፋ። ምድጃዎቹ በየጊዜው አይነዱም፣ የተሰበረው አይጠገንም፣ ቧንቧው አይጠረግም ነበር። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበትና በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት የተሻለ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳየ። እዚሁ ጎጃም ሜጫ ውስጥ የተደረገውም ጥናት የቤቱ ጭስ በጉልህ መቀነሱን ቢያይም በሕፃናቱ የሳንባ ሕመም ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጭስ ያወጣው ልክ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ብዙ የቀነሰ ጭስ እንኳ ገና ብዙ ጭስ ነው። ስለዚህ ምድጃው ልጆቻችሁን ከበሽታ ያድናል ብዬ አልምልላችሁም። ማገዶ ይቆጥባል፣ ዓይን ያሳርፋል፣ እሳት ከሕፃን ይከልላል። ሕፃኑ ግን በሚጋገርበት ሰዓት ከጀርባ ወርዶ ደጅ፣ ከአያቱ ጋር ቢሆን ይሻላል።

አገራችን በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የአረንጓዴ ልማት ስልት በጥቂት ዓመታት 9 ሚሊዮን ያህል ቆጣቢ ምድጃዎችን ለማዳረስ አቅዳ ነበር። ዕቅዱ መልካም ነው። ያደረግነው ስህተት ቆጠራው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የታደለ ምድጃ በሪፖርት ይቆጠራል፣ የሚነድ ምድጃ የሚቆጥረው የለም። ምድጃ የሚያከፋፍል ማንኛውም ቢሮ ወይም ድርጅት ከተከለ በኋላ በወሩ አካባቢ ተመልሶ መምጣትን የሥራው ክፍል ቢያደርገው፣ አፉ ታጭቆ እንደሆነ፣ ምርጊቱ ረግፎ እንደሆነ፣ ምጣዱ ከጠርዙ ጋር ገጥሞ እንደሆነ በአንድ ጉብኝት ያየው ነበር። አስተማሪዋም ከከተማ የመጣች ባለሙያ ባትሆን እመርጣለሁ። በቀበሌው ምድጃውን ለዓመት የተጠቀመች፣ ሊጥ ይዛ መጥታ ከጎረቤቷ ጋር እየጋገረች የምታሳይ ሴት ትበልጣለች፤ አበልም ለእሷ ይከፈላት።

ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት፣ ሁልጊዜ የምጠየቀውን አንዱን ልመልስ። ምድጃው ተሰነጠቀ፣ ልጣለው ወይ? ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ ከአመድ ጋር በተቦካ ጭቃ መርጋችሁ ቀጥሉበት፤ እሳት ያየ ሲሚንቶ ትንሽ መሰንጠቁ አይቀርም። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ያንን ክፍል ብቻ ከአምራቹ ግዙ፤ በስድስት ክፍል የተሠራው አንዱ ሲሰበር አንዱ እንዲተካ ነው። ምጣዱን የሚሸከመው ጠርዝ ከተቆረሰ ግን አትጠጋግኑት፤ ትኩስ ምጣድ ከነእንጀራው ሲዘም መጀመሪያ የሚያገኘው የጋጋሪዋን ጉልበት ነው። አዲሱን ክፍል ስትገጥሙም እንደ አዲስ ምድጃ በጭራሮ እሳት ጀምሩ።